የተጠመዘዘ መደገፊያ ይዞ ሽምግልና

የእህቴ ልጅ ሚስት ሊያገባ ሲያስብ ሽማግሌ ሆነን የተላክነው ሦስት ነበርን። ንፋስ ስልክ ብረት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ንግግሩ ለእኔ ተተወ። ቱቦላሬ፣ ያንን ውስጡ ባዶ ብረት፣ ሲያሻሽጥ የኖረ ምላስ ሙሽራ ማሻሻጥ አያቅተውም ብለው ይሆናል።

የልጅቷ አባት ቤት ለቡ ነው። ያኔ ጤፉ እስከ ጓሯቸው ድረስ ይዘራ ነበር። ሰውየው ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚያው ያረሱ ናቸው፤ በሬዎቹን ሳይሸጡ ከጎን ፎቅ ቤት ጀምረዋል። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን፣ ተቀመጡ አሉን። "ከዘመድ ልማከር" ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ንድፍ ቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር ይስላል አልኩ። ዕቃ ማወደስ ልማዴ ነውና፣ ቤቱ ገና ሳይሠራ ባለቤቱን ውስጥ ለውስጥ ያዞረዋል ብዬ ጨመርኩበት። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር።

ሰውየው ጣታቸውን ወደ ጅምሩ ቤት ቀሰሩ። ወደ ላይኛው ወለል የሚያወጣው ደረጃ እየዞረ የሚወጣ ዓይነት ነው።

"የዚህን መደገፊያ ይሳልልኝ። ቅዳሜ እሱንም ይዛችሁት ኑ፤ የልጅቷን ነገር ያኔ እነግራችኋለሁ።"

ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አብሮ ሲሄድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ግን ምን ይባላል? ቀጠሮ የሚያራዝመው የሴት ወገን ነው። የወንድ ወገን ቀን ይጨመርልን ካለ፣ ልጁ አንድ ጉድ አለበት ተብሎ በማግስቱ ለቡ በሙሉ ያወራዋል።

ልጁ ሲሰማ ሳቀ። ቀላል ነው አለኝ። ደረጃውን ተከትሎ የሚወጣ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ከመስመሩ ግርጌ የቱቦላሬውን አፍ፣ ማለትም አራት ማዕዘኑን፣ ይስላል፤ ከዚያ ያንን አራት ማዕዘን በመስመሩ ላይ ጎትተው ብሎ ማሽኑን ያዛል። ከቱቦው እንደሚወጣ የጥርስ ሳሙና መደገፊያው ራሱን እየሠራ ይወጣል።

ሐሙስ ሱቄ ሲመጣ ሳቁ የለም። ተከትዬው ቢሮው ሄድኩ። በዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ያለበት ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው፤ ማሽኑም ዳንቴል ለብሶ ያድራል። አውራ ጣቴ ካልሲዬን ቀድዶ ወጥቶ ስለነበር እግሬን ከወንበሩ ሥር ደብቄ ተቀመጥኩ።

መደገፊያው ከታች ደህና ይነሳል። ደረጃው መዞር ሲጀምር ግን እሱም በራሱ ላይ ይዞራል፤ ላይ ሲደርስ እጅ የሚያርፍበት ጎኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጓል። ታጥቦ የተጨመቀ ነጠላ ነው የሚመስለው።

"ጋሼ፣ እኔ አልጠመዘዝኩትም" አለኝ።

"ታዲያ እኔ ነኝ?"

እንደ ብረት ወደ ኋላ ጠምዝዘህ አቃናው ብዬ መከርኩት። አደረገው። ጫፉ ተስተካከለ፣ ወገቡ ባሰበት። የተሰበረውን እግር ትቶ ጤነኛውን የሚያሽ ወጌሻ ሆንን። ሁለተኛ ምክር ስጀምር በትህትና፣ ጋሼ ሻይ ይምጣልህ ወይ አለኝ፤ ገባኝ።

ሻዬን እየጠጣሁ ሥራውን አየሁ። መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ጎተተው፤ አልተጠመዘዘም። ቀጥሎ መሬት ላይ የተኛ ቅስት ሞከረ፤ እሱም ደህና። እየዞረ ሽቅብ በሚወጣው ላይ ብቻ ነው የሚያብደው። ብዙ ቆይቶ ብቻውን ማውራት ጀመረ፦ ማሽኑ መስመሩን ተከተል ተብሏል፣ ሰማይ በየት በኩል እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም፤ መስመሩ ባጋደለ ቁጥር እሱም አራት ማዕዘኑን ያጋድለዋል። ስለዚህ መጎተቱን ተወና በመስመሩ ላይ እዚህም እዚያም አራት ማዕዘኖች ተከለ። እያንዳንዱን እጅ የሚያርፍበት ጎኑ ወደ ላይ እንዲሆን በእጁ አቆመና ማሽኑን አገናኛቸው አለው።

አማረ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ከረሜላ ወረቀት ተጠቅልሎ ቀረ። ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኋላ ሲያየው፣ ሌሎቹን ሁሉ ከግራ ማዕዘን ጀምሮ ሲስል ያቺን አንዷን ከቀኝ ጀምሯታል፤ ማሽኑ ደግሞ መጀመሪያ የተሳለችውን ማዕዘን መጀመሪያ ከተሳለችው ጋር ነው የሚያገናኘው። አጥፍቶ ደግሞ ሳላት፣ መደገፊያው ቀና አለ።

ቢሮው ወረቀት ስለሚቆጥብ ደህናው የታተመው ቀደም ብሎ በታተመው በተበላሸው ሥዕል ጀርባ ላይ ነበር። ይሄን ያስተዋልኩት ቅዳሜ ነው፤ ሰውየው ወረቀቱን ገልብጠው የተጠመዘዘውን ሲያዩ።

"ይሄስ! እንዲህ ያለ የማንም ቤት አላየሁም።"

ደንበኛ በወደደው ዕቃ ላይ እንከን ማውጣት የእኔ ሃይማኖት አይፈቅድም። ዓይንዎ ያውቃል አልኳቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎችም አንገታቸውን ነቀነቁ። እሺታው ጫፍ ላይ ደርሷል፣ አንድ ትንፋሽ ነው የቀረው። ይሄኔ ልጁ ከጎኔ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ብድግ አለ።

"አባባ፣ እሱ ስህተት ነው። የወጣልኝ ከጀርባው ያለው ነው።"

እግሩን ረገጥኩት። አልገባውም፣ ወይም ገብቶት ተወኝ።

"አጎትህ ጥሩ ነው አለኝ እኮ" አሉ ሰውየው።

"ጋሼ ብረት ነው የሚሸጠው።"

ሰውየው ወረቀቱን ይዘው ወጡ፤ ተከተልናቸው። መደገፊያ በሌለው ደረጃ ላይ፣ አንድ እጃቸውን አየሩ ላይ አድርገው፣ መዳፋቸውን በሥዕሉ ልክ እያዞሩ መውጣት ጀመሩ። መታጠፊያው ላይ ክርናቸው ሽቅብ ተሰቀለ፤ ጀርባቸውን የሚያክ ሰው ጠፍቶ የተቸገሩ ይመስሉ ነበር። እንደዚያው ሆነው ጥቂት ቆሙ። ከመካከላችን የሳቀ የለም፤ አንደኛው ሽማግሌ ብቻ ሳል ያዘው። ወረዱና ወረቀቱን ገልብጠው እንደገና ወጡ፤ አሁን መዳፋቸው ሳይዞር እስከ ላይ ደረሰ።

ከላይ ሆነው ወደ እኔ ተመለከቱ።

"ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። ቱቦላሬውንም ካንተ እገዛለሁ" አሉኝ። "ስታመጣው ግን ልጁ አብሮህ ይምጣ።"