ለሂሳብ ባለሙያው ሽማግሌ ላክሁ

ከላሊበላ ልነሣ ስል በዋዜማው ምሽት አባቴ ሻንጣዬን ደጋግሞ አስፈታኝ። በሶው እንዳይፈስ ነው የሚለው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ወንድሜ ሲሳይ ጀርመን አገር ሞቶ፣ አስከሬኑ መጥቶ ገነተ ማርያም ተቀብሯል። እኔ የምሄደው እሱ ራሱ ባስጀመረልኝ የሙያ ትምህርት ቪዛ ነው።

«መቃብሩ እዚህ ነው፤ ስሙ ግን እዚያ በገዛው ቤት ላይ ነው። ቤቱን አደራ» አለኝ። ቀና ብለን አልተያየንም።

የዚህ የጀርመን አገር ብርድ እንደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ብርድ አይደለም። የኛው ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ ይሄኛው ቤተኛ ነው።

ሲሳይ ቤቱን ያከራየው ለአገር ልጆች ነው። ውል የለም። የአገርን ልጅ «ፈርም» ማለት ነውር ነዋ! ሂሳቡን የያዙት ጋሽ ይርጋ ናቸው፤ አውቶቡስ ይነዳሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሐበሻውን የደመወዝ ግብር ቅጽ ይሞላሉ። የወንድሜን አስከሬን ለምነው፣ ተሯሩጠው የላኩልን እሳቸው ናቸው።

የግብር ቢሮው «የኪራዩ ገቢ የታለ?» ብሎ ሲጽፍ ወደ እሳቸው ሮጥሁ።

«ኪራይ? ከአገር ልጅ የተቀበልኸው እኮ መተጋገዝ ነው!»

«ቢሮው መተጋገዝ አያውቅም፣ ጋሽ ይርጋ።»

«እነሱ ምን ያውቃሉና!»

ወገኖቼ፣ የሚከራይ ቤት ያላችሁ፣ ስለሚከራይ ቤት የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። እዚህ ሽቶየርበራተር ይሉታል፣ የግብር አማካሪ ነው። አስተማሪዬ የጠቆሙኝ ሴት ሥራቸው ይኸው ብቻ ነው። ጣሪያው መቼ ታደሰ፣ የባንኩ ወለድ ስንት ነው፣ ማን ይኖርበታል እያሉ እንደ ሐኪም ጠየቁኝ።

«እንዲህ ከቀጠለ ቤቱ በግብር ዕዳ ይሸጣል» አሉ። «ሊተርፍ ግን ይችላል። እኔ ከያዝሁት ሌላ ሰው አይነካውም። እስካሁን ሂሳቡን ለያዙት ሰው ማሰናበቻ ጻፍላቸው፤ ሁለት መስመር ይበቃል።»

«የወንድሜን አስከሬን የላኩልኝን ሰው በሁለት መስመር?»

«እንግዲያው ሦስት ጻፍ።»

አልቻልሁም። እንደ አገሬ ደንብ ሽማግሌ ላክሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስና ሁለት አባቶች። በክብር አሰናብቱልኝ ነበር ያልኋቸው። ጋሽ ይርጋን መሐል አድርገው፣ ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ልጄ፣ እርቅ ወርዷል» አሉኝ ቄሱ።

«አባ፣ እኛ እኮ አልተጣላንም።»

«ታዲያ ጉልበታቸውን ብትስም ምን ያግድሃል?»

ሽማግሌ ማስታረቅ እንጂ ማለያየት የት ያውቃል! ጎንበስ ብዬ ሳምሁ። ጋሽ ይርጋ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ ለሲሳይ ነው። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «የዘንድሮውንም እኔው እሠራልሃለሁ» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። አፌ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ።

ለሴትዮዋ ስነግራቸው አልተቆጡም። ወረቀቶቼን በሥርዓት አስተካክለው መለሱልኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ አባቴ ጋ ደወልሁ።

«ቤቱስ?»

«አለ፣ አባየ።»

«ሂሳቡን ማን ያዘልህ?»

«ጋሽ ይርጋ።»

«እሰይ! ልጄን ያመጣልኝ ሰው! እንግዲያ ቤቱ በደግ እጅ ነው። እሱን ያኑርልህ፣ ከእጁም አያውጣህ።»

ከግብር ቢሮው የመጣው አዲስ ፖስታ ጉልበቴ ላይ ነበር። አልከፈትሁትም።

«አሜን» አልሁ።