እንቢ ያለው ፓምፕ

ልጃችን ክርስትና በምትነሳበት ጠዋት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው የባለቤቴ ምግብ ቤት ጓሮ ፓምፕ ላይ ተጎንብሼ ቀረሁ። የምድሩ ታንከር ሙሉ ነው፤ የጣሪያው ባዶ። እንግዳው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እዚህ ይበላል፤ ወጥ ቤቱ ግን እጅ መታጠቢያ ውሃ እንኳን የለውም።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ አብረውኝ ቀሩ። ለዚሁ ክርስትና ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው የተገለበጠ የሶዳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «አባባ፣ ይሂዱ እንጂ» ብላቸው «አንተን ብቻህን ጥዬ?» አሉ። ደግነታቸው ልቤን ነካው፤ ዓይናቸው ግን ከፓምፑ አልተነቀለም።

ሞተሩን ቀስ በቀስ ወደ ፍጥነቱ የሚያመጣው ድራይቭ የሚሉት ሳጥን ነው። ባስነሳሁት ቁጥር ሞተሩ ያጓራል፣ ዘንጉ አይነቃነቅም፣ ሳጥኑም ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ያጠፋዋል። የማስነሻ ጉልበቱን ጨመርኩ። እንቢ። የመነሻ ጊዜውን አስረዘምኩ። እንቢ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ካሳራኒ ሰፈር የሰው ፎቅ ላይ ቢሆን ረጋ ብዬ አስብ ነበር። ያን ቀን ግን ቁልፍ ከመነካካት በቀር ማሰብ አቃተኝ። ባለቤቴ ደጋግማ ትደውላለች፦ «ማጂ መጣ?» ስትናደድ ውሃንም በስዋሂሊ ነው የምትጠራው።

በመጨረሻ መብራቱን አጥፍቼ ዘንጉን በእጄ ለማዞር ሞከርኩ። ንቅንቅ የለም። ዘንጉ ፓምፑ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ውሃ እንዳያመልጥ የሚታሸግ ገመድ አለ፤ እሱን የሚጫኑት ብሎኖች እስከ ጥግ ጠብቀዋል። እዚያ ጋ ትንሽ መንጠባጠብ አለበት፤ አለዚያ ገመዱ ዘንጉን ያንቀዋል። አላላኋቸው። ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃው ወደ ጣሪያ ወጣ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ አማቴ ከተቀመጡበት ተነስተው።

ማን እንዳጠበቀው ገብቶኛል፤ በዋዜማው ማታ እዚሁ ቆመው «ውሃ እንዲህ ሲፈስ ዝም ማለት ኃጢአት ነው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ግን አማት እንዴት ተብሎ ይወቀሳል?

«ኤሌክትሪኩ ነበር» አልኳቸው።

በረጅሙ ተነፈሱ። «ተመስገን! እኔማ እነዚያን ብሎኖች ስላጠበቅኳቸው መስሎኝ፣ የልጄን ድግስ አበላሽቼ በምን ዓይኔ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ ብዬ ነው የቀረሁት።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ጎንበስ ብለው መፍቻዬን አነሱ። «በል እንግዲያው ደግሜ ላጥብቃቸው፤ ይኸው ውሃው ይንጠባጠባል።»

እጃቸውን ከነመፍቻው ያዝኩ።