የሀብትነሽ የማሾ ቋጠሮዎች

«በረከት በተንሽ! የአውድማ እህል አንድ ክምር ነው፣ በየጨርቁ አይቋጠርም! እንዲህ ስትለያዪው ነው ቤታችን የሚጠፋው!»

ይሄ አዛናው ነው። ሲቆጣ ድምፁ እንደ አሮጌ ትራክተር ነው፤ መጀመሪያ ይስላል፣ ከተነሳ በኋላ ግን አይጠፋም። ይህን እያለ የሀብትነሽን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ፈታ፣ ማሾውን ሁሉ አንድ ላይ ዘረገፈ፣ በእጁም አማሰለው።

ሀብትነሽ መንሹን አነሳችና አፉ ላይ አሳረፈችው።

ሀብትነሽን የሽንፋ ሰው ያውቃታል፤ ለማያውቃት እኔ ጎረቤቷ ልንገር። ከደንቢያ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ነው ቆላ የወረደች። ባሏን ወባ ገደለባት። አዛናው የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ ነው፤ ማሳቸው ጎን ለጎን፣ አውድማቸው የጋራ። አንድ ጊዜ በሬዋን ሊነዳ የመጣ ሌባ ክንዱ ተሰብሮ ሄደ፤ እሷ ግን «ወድቆ ነው» ትላለች።

ባለፈው ክረምት ዋግ ማሾዋን ፈጀው። ቅጠሉ ዝገት የበላው ቆርቆሮ መሰለ፤ ሲነኩት ጣት ላይ ቀይ ዱቄት ይቀራል። ከዚያ ሁሉ መሀል እዚህም እዚያም ጥቂት እግር ማሾ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ሌላ ዘር የላትም፤ ገበያ ያለውም ያው የሚታመመው ነው።

የግብርና ባለሙያዋ ሰርካለም መጥታ አየችው። እሷ ደግሞ ስትናገር ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ነው፦ «እትዬ ሀብትነሽ፣ ዋግን መቋቋም እኮ ከወላጅ የሚወረስ ነው። ግን የዳነ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ከሁለቱም ወላጆቹ ወርሷል፣ ልጆቹ ሁሉ ይድናሉ። ሌላው ከአንዱ ብቻ ወርሷል፤ ራሱ ይድናል፣ ከልጆቹ ግን የሚታመም ይወጣል። በዓይን አይለይም። የእያንዳንዱን እግር ፍሬ ለየብቻ ይቋጥሩ፣ ለየመስመሩ ይዝሩት። አንድም የማይታመምበት መስመር፣ ዘርዎ እሱ ነው።»

እኔ ወዲያው ገባኝ። የመንደራችን ባየልኝ በቀኝ እጁ ይሠራል፣ ሚስቱም በቀኝ፣ ልጃቸው ግን ግራኝ! ያችን ሴት መንደሩ ስንት አማት፤ ለካ ከአያቱ ነው።

እና አዛናው አንድ ላይ የዘረገፈው እንዲህ ብላ ለየብቻ የቋጠረችውን ነው። የትኛው ፍሬ ከየትኛው እግር እንደመጣ አሁን ማን ይወቅ?

ወደ ጠቡ ልመለስ፤ መንሹ ያገኘው የአዛናው ጥርስ ማሾው ላይ ወደቀ። ደም እየተፋ ጉሮሮዋን አነቃት፤ ክምሩ ላይ ተንከባለሉ። ጣቱን እስከ አጥንቱ ነከሰችው፤ እሱም በድንጋይ ፈነከታት። የገላገሏቸው ከወሎ ለአጨዳ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። አንዱ፣ «እሜቴን! እኛ እህል ልንወቃ መጣን፣ እነዚህ እርስ በርስ ይወቃቃሉ!» አለ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ለጥርሱ ፍየል እንድትሰጥ፣ ለፍንክቱ ከማሳው ዳር መሬት እንዲለቅላት ተፈረደ። ሰርካለምም፣ «ድብልቁን ይዝሩት፣ የታመመውን ይንቀሉ፣ የዳነውን እንደገና ለየብቻ ይቋጥሩ። የጠፋው አንድ ዓመት ብቻ ነው» አለች። ብቻ! እሷ ደመወዝ አላት፤ ሀብትነሽ ያላት ባዶ ድስት ነው።

ዘንድሮ ዘራችው። ዋግም መጣ፣ መቅረት አያውቅም። የታመመውን እየነቀለች በገጀራ ከተከተችው፣ አቃጠለችው። ጠላቷን የምትከትፍ ነው የምትመስል።

ዛሬ የዳነውን ስትቋጥር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍ አዛናው ከተፍ አለ።

«ሀብትነሽ፣ የእኔም ማሾ አልቋል። ከዚያ አንዷን ስጪኝ።»

«ገና አልተፈተነም! ለየብቻ ተዘርቶ ሳይታይ ለማንም አይወጣም። ወስደህ ከበሽተኛው ልትደባልቀው ነው?»

«አንዲት ቋጠሮ! የወንድሜ ቤት አይደል እንዴ?»

እጁን ሰደደ። የደረቀ ጓል አንስታ ግንባሩ ላይ ፈረከሰችው። ቁጭ አለ። ደሙ ቋጠሮዎቹ ላይ እንዳይንጠባጠብ በእግሯ ገፋችው።

«ኻላስ፣ አለቀ!» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ምን ትሞነጫጭሪያለሽ? በቃ አትጻፊ! ነይ ቋጠሮዎቹን ያዢልኝ፣ ሊነሳ ነው!»