የእታለም የቅቤ ተራ

የወንድሜ ሚስት እታለም ስትስቅ እናቴ ምን እንዳሳቃት አትጠይቅም። «መድኃኒቷን ወስዳለች?» ነው የምትለው፤ ያውም እሷን ሳይሆን እኔን። እታለም አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ፣ በየቀኑም ደሜ ይፈላል።

እታለም ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም አለባት። የሕመሙን ስም እዚህ ላይ የምጽፈው ሰፈሩ ሌላ ስም ስላወጣለት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሕመሙ ስሜቷን ከፍ ሲያደርገው እንቅልፍ የሚባል ነገር ተወች፤ ጓዳዋ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥታ ለመንገደኛ አደለች፤ በዝናብ ጃጁራ ድረስ በእግሯ ሄደች። ከዚያ ደግሞ ስሜቷ ወደቀ፤ ወራት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ያልጸለየላት ሰው አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ያለ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ።

መድኃኒት ተጀመረላት፤ ሮዳስ የምትባል የሥነ ልቦና አማካሪም ታናግራት ጀመር። ሮዳስ «ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮሽ ይምጣ» ስትላት ወንድሜ ጠና «እኔ አላበድኩም» ብሎ ቁጭ አለ። አስተማሪ ነው እንግዲህ ይሄ ሰውዬ፤ የሰው ልጅ ያስተምራል። ስለዚህ አብሬያት የምሄደው እኔ ሆንኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ የሚያውቀን ሰው ካገኘን ሰላምታውን ያሳጥራል፤ በመጨባበጥ የሚጋባ ይመስለዋል። ሮዳስ ፊት ቁጭ ብዬ የተማርኩት ነገር ብዙ አይደለም። ስታወራ ማዳመጥ፣ ሕመሙ ሲመጣ ምልክቱን አውቆ አብሮ ሐኪም ጋ መሄድ፣ በደህናዋ ቀን ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ማየት። ይህ የመጨረሻው ነው ሰፈራችንን ያቃተው።

እኛ ሴቶች ውጆ አለን፤ የቅቤ ዕቁብ ማለት ነው። እያንዳንዷ ያጠራቀመችውን ቅቤ ታመጣለች፣ የተሰበሰበው በሙሉ ለባለተራዋ ይሰጣል። ዘንድሮ የእታለም ተራ ያሆዴ ሲቃረብ ደረሰ። ያሆዴ የሐዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ የዚያን ቀን አተካና፣ ማለትም በቅቤ የራሰ የቡላ ምግብ ያላቀረበች ሴት የቤት እመቤት አትባልም። እታለም ከታመመች ወዲህ በዓሉን የምታሳልፈው በእናቴ ጓዳ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ነበር። ዘንድሮ ግን አባቷን ከጃጁራ ጠርታ በራሷ ምድጃ ልታበላቸው ነው። ቡላውን አስቀድማ ገዝታለች። የቀራት ቅቤው ብቻ ነበር።

የተሰበሰብነው የውጆው ሰብሳቢ ሙሉአለም ቤት ነው። ቅቤው ተመዝኖ ማሰሮው ሞላ። ሙሉአለም ማሰሮውን አነሳች፣ በእታለም ፊት አለፈችና እናቴ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«እትዬ ማራኪ ይያዙላት» አለች። «ለእሷው ብለን ነው። እንደዚያን ጊዜ ለመንገደኛ ብታድለውስ?»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓመቱን ሙሉ ከእጇ ቅቤ ሲቀበሉ አንዷም ሕመሟ ትዝ ብሏት አያውቅም። እናቴም ሳታፍር ማሰሮውን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችው።

እታለም ተነስታ ቆመች። «ተራው የእኔ ነው» አለች። ድምጿ ከፍ አለ። እኛ ዘንድ ምራት በአማቷ ፊት እንደዚያ አትናገርም።

ሙሉአለም ወደ ሴቶቹ ዞራ ዝቅ ባለ ድምፅ «አያችሁ? ጀመራት» አለች።

ሌላ ሴት ብትጮህ ተቆጣች ይባላል። እታለም ስትጮህ ጀመራት ይባላል። ይህቺ ሴት በዚህ ሰፈር ስትበደል እንኳ መቆጣት አልተፈቀደላትም።

«ልጄ፣ ዛሬ መድኃኒትሽን ወስደሻል?» አለቻት እናቴ፣ ሕፃን እንደምታባብል።

«ወስጃለሁ» አለች እታለም። «ሌሊቱንም ደህና ተኝቼ ነው ያደርኩት። አሞኝ አይደለም፣ እማማ። የተቆጣሁት ቅቤዬን ስለወሰዳችሁብኝ ነው።»

ጎንበስ ብላ የማሰሮውን አንገት ያዘች፤ እናቴ አልለቀቀችም። ሴቶቹ እኔን ያዩ ጀመር፤ እንደ ሁልጊዜው እጇን ይዤ እንዳስቀምጣት እየጠበቁ ነው። አፈርኩባቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእናቴ አፈርኩ።

«ልቀቂው፣ እማዬ» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ደንግጣ ለቀቀችው።

ሙሉአለም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቺንም ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ያዘኝ» አልኳትና ማሰሮውን ከእታለም ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ወጣን።