የቆለፍኩት ድምፅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ሱጁድ ወርጄ እንኳ ለጌታዬ በአንደበቴ አውጥቼ አላልኩትም፤ ሳልነግረውም እንደሚያውቅ ግን አውቃለሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ ለምታነቡኝ እናገራለሁ። ስሜን ተዉት። ደሴ ፒያሳ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን፣ ሾፌሮች «ኢንጂነሩ» የሚሉት ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ሰው ገድያለሁ። በእኔ ፋንታ ግን ሰይድ የሚባል የቢስቲማ ሾፌር ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ይኖራል። አንድ ዓይኑንም ያጣው በእኔ ነው።

የገደልኩት ይማምን ነው። ጓደኛዬ ነበር ብል ያንስበታል። ከልጅነታችን ጀምሮ ከአንድ ትሪ በልተናል፣ ስናድግም አንድ ሱቅ ከፍተን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። እሱ ረጋ ያለ ነበር፤ እኔ እሳት። እናቱ «አንተ ልጅ፣ ይህ ቁጣህ አንድ ቀን ይበላሃል» ትለኝ ነበር። እኔን አልበላኝም፤ ልጇን በላባት።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሐረጎን ያውቀዋል። መንገዱ ተጠማዞ ተጠማዞ ነው የሚወርደው፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሲተኛበት የራስህን መኪና አፍንጫ አታይም። የሾፌሮቹ ወግ ድሮም የታወቀ ነው። ጥምዙ ጋ ስትደርስ ሁለቴ ክላክስ ታደርጋለህ፣ መስኮትህን ዝቅ አድርገህ ታዳምጣለህ፤ ከወዲያ መልስ ከመጣ ወራጁ ይቆማል፣ ወጪው ያልፋል። ከባድ መኪናም ቢሆን፣ ባጃጅም ቢሆን፣ ክላክስ የሁሉም ነው። ማንም ሰምቶ ማንም ይመልሳል።

ጯሂት የምንላትን የማስጠንቀቂያ ሳጥን ያመጣት ይማም ነው። ፈረንጆች ሞተር የሌለው፣ በነፋስ ብቻ የሚንሳፈፍ አውሮፕላን እንዳላቸው ኢንተርኔት ላይ አየ። ድምፅ የለውምና ሰማይ ላይ አንዱ ሌላውን ሳያየው ይጋጫል። ለዚህ ብለው እያንዳንዱ አብራሪ ትንሽ ሳጥን ይይዛል፤ ሳጥኗ በሬዲዮ «እዚህ ነኝ» እያለች ትናገራለች፣ የሌላዋንም ትሰማለች፣ ሲቀራረቡ ትጮሃለች። «ይህንን ለሐረጎ ብንሠራትስ?» አለኝ። ወራት ፈጅቶብን ሠራናት። ሾፌሮቹ መሪያቸው ፊት ለጠፏት፣ ስሟንም እነሱ ጯሂት አሉት። ኧረ ምርቃቱስ! እናቶች በመንገድ አስቁመው ይመርቁን ነበር።

የፈረንጆቹን ጠብ የነገረኝም እሱው ነው። አንዱ ሠሪ የሳጥኑን ንግግር ቆልፎ ከእኔ ያልገዛ አይሰማም ማለቱን፣ ሌሎቹ ደግሞ የሰው ነፍስ ያለበት ምልክት ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት ብለው መነሣታቸውን እየሳቀ አወራኝ። እሱ እንደ ነውር ነበር የነገረኝ። እኔ እንደ ምክር ሰማሁት። ለምን? ለምን ነውሩን ትቼ ብልሃቱን ያዝኩ? በማግሥቱ «እኛም እንቆልፈው» አልኩት።

«መንገዱ የጋራ ነው፤ ምልክቱም የጋራ ይሁን» አለ ይማም። «የፈለገ ይሥራት። አንዷ የሌላዋን ትስማ እንጂ።»

«ላባችንን ማንም መጥቶ ይላሰው?» አልኩት።

«ይላሰው» አለኝ። ብቻ ይህን አለ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትራንስፎርመር አንሥቼ አፉን መታሁት። ሁለት የፊት ጥርሱ ረገፈ። ደሙን መዳፉ ላይ ተፋው፣ አየው፣ አየኝ፣ ወጣ። አንዲት የስድብ ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት!

ኮምቦልቻ ወርዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ፣ የራሱን ጯሂት ሠራ። እስከዚያ ድረስ ግድ አልነበረም፤ የእሱም የእኔም በዚያው በድሮው ምልክት ስለሚናገሩ ይሰሙ ነበር። ሾፌሮች ግን ወደ እሱ መሄድ ጀመሩ። የእሱ ትሻላለች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ትሻል ነበር። ቀናሁበት። ደንበኞቼን «ኑ ላድስላችሁ» ብዬ አንድ በአንድ ጠርቼ የጯሂታቸውን ምልክት ቀየርኩት፣ ቆለፍኩት። ከዚያ ወዲያ የእኔ የምትሰማው የእኔን ብቻ ነው። ለይማም አልነገርኩትም። ለሾፌሮቹም አልነገርኩም። ይባስ ብዬ በገዛ እጄ «ዝም ካለች መንገዱ ባዶ ነው» ብዬ ጽፌ በየሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ጻፍኩት። ሾፌሮቼም አምነውኝ ክላክሱን ተዉት።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ሰኞ ጠዋት። ኮምቦልቻ ጉዳይ ነበረኝና ከሰይድ ጋር ጋቢና ተቀመጥኩ። ጤፍ ጭኗል። ሰይድ መንዙማ እያንጎራጎረ ይነዳል፤ ጨዋታ ያውቃል፣ ሰው አያስቀይምም። ጉሙ ነጭ ግድግዳ ሆኗል። ክፉው ጥምዝ ጋ ስንደርስ እጁ በድሮው ልማድ ወደ ክላክሱ ሄደ። እኔ ያዝኩት። እጁን ያዝኩት፣ እናንተ ሰዎች! «ኧረ ተው፣ አታምነኝም እንዴ? ዝም ብላለች እኮ!» አልኩት።

«አንተ ካልክ እሺ፣ ኢንጂነር» ብሎ ሳቀ። እጁን መለሰ።

መብራት አየሁ። ከዚያ ብረት ብረትን ሲቀድ ሰማሁ። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ከፊታችን ገብታ እንደ ቆርቆሮ ተጨማደደች፤ ጎትተናት ሄደን ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ወርጄ ሮጥኩ። መስታወቱ ሁሉ ደም ነው። መሪው ደረቱ ውስጥ ገብቷል፣ አንድ እጁ ወደ ኋላ ዞሯል። ይማም ነበር። ያቺ የእሱ ጯሂት ከፊቱ ተለጥፋለች፣ መብራቷ በርቷል፣ ዝም ብላለች።

አወቀኝ። አፉ ደም ሞልቶ «አልጮኸችም» አለኝ። «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለኝ።

 አንተ አልተሳሳትክም ማለት ስንት ቃል ነው? ያንን እንኳ ነፈግኩት። የራሱ ሥራ የገደለው መስሎት እጄ ላይ ሞተ።

ቀና ስል ሰይድ ራሱን ይዞ ቆሟል። ከታች ሰዎች እየሮጡ ይመጣሉ። ያኔ ነው ከሁሉ የከፋውን ያደረግኩት። ተነሥቼ ሰይድን በቡጢ ፊቱን መታሁት። «ወንድሜን ገደልከው!» ብዬ ጮኽኩ። ለቅሶዬ የእውነት ነበር፤ ቡጢዬ ግን የተንኮል ነበር፣ ወላሂ አውቀዋለሁ። የመጡት ሰዎች የሟች ወንድም ሲማታ አዩ፤ ሌላ ምን ይጠይቃሉ? በዱላ ወረዱበት። በድንጋይ ወረዱበት። መሬት ላይ ጥለው በጫማ ረገጡት። እሱ የሚለው «አልሰማሁም! አልጮኸችም!» ብቻ ነበር። እኔ ቆሜ አየሁ። አንዱ ድንጋይ ግራ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። በአንዲት ቃል ማስቆም እችል ነበር። ቃሏን ዋጥኳት።

ለመርማሪው ጯሂት ጮኻ ነበር፣ ሰይድ ነው የናቃት ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ጋቢና ውስጥ ከእሱ ሌላ የነበርኩት እኔ ብቻ፤ ማን ያስተባብለኛል? ሰይድ ራሱ እንኳ ከድብደባው በኋላ የዚያን ጠዋት ነገር በቅጡ አላስታወሰም፤ ተጠራጠረ። «ጮኻ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» ማለት ጀመረ። ታሰረ። የደንበኞቼን ሳጥኖች ግን በዚያው ሳምንት ሰብስቤ ቁልፉን ከፈትኩት፤ ዛሬ በሐረጎ ሁሉም ሁሉን ይሰማል። አያችሁ? የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሰይድ ከእስር ሲፈታ አበጋሮቹ፣ የአገራችን የዕርቅ ሽማግሌዎች፣ ቢስቲማ ላይ ተቀመጡ። እኛ ዘንድ ደም የሚደርቀው በእነሱ ፊት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ለቃላቸው ያድራል። እስኪታረቅ ድረስ ደም ያለበት ሰው ከሟች ዘመድ ጋር በአንድ ገበያ አይውልም፣ ከአንድ ምንጭ አይጠጣም። ዱዓ ተደረገ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ከመኪናው ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ። ያየኸውን ተናገር፤ ያወቀ ሰው ከደበቀ ደሙ ከእሱ ጋር ነው» አሉኝ።

«ጮኻለች፣ አባቴ። እርስዎ ፊት አልዋሽም» አልኩ።

የይማም እናት መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። ልጄ ብቻውን አልሞተም፣ አንተ ነበርክለት አለችኝ። እንዴት መሬት አልዋጠችኝም?

ይህን ሁሉ ተሸክሜ እኖር ነበር፤ እንደዚያው እዘልቅም ነበር መሰለኝ፣ ሰይድ ባይመጣ። ባለፈው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፒያሳ መሐል ሰው ሲንጫጫ ሰምቼ ከሱቄ ወጣሁ። ሰይድ ነው። ከባጃጅ ወርዶ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ፀጉሩ ሸብቷል። ሰው መንገድ ይለቅለታል። ደጄ ላይ ተንበረከከ።

«የእናቱን አፉታ፣ ይቅርታዋን፣ አግኝቻለሁ፤ የዘመዶቹንም» አለ። «የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ ኢንጂነር። ጓደኛህን አሳጣሁህ። በረሱል ይሁንብህ፣ አፉ በለኝ።»

ጎረቤቶቼ ሁሉ ቆመው ያያሉ። ድንጋዩ የበላው ማጅራቱ ይደማል። ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ድንጋዩን በሁለት እጄ አነሣሁለት። «አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት። ሰው አጨበጨበ። እሱ ጉልበቴን አቅፎ በአንድ ዓይኑ አለቀሰ፤ አላህ ያክብርህ እያለኝ ሄደ።

የገደልኩ እኔ፣ አፉ የተባለ እሱ።  ሸኽ ዘንድ መሄድ፣ ተጸጽቼ ተውበት ማድረግ እችላለሁ፤ ግን የሰው ሐቅ ሰውየው ራሱ አፉ ካላለው አይወርድም፣ ይህን ልጅ እያለሁ ቁርዓን ቤት ተምሬዋለሁ። እናንተን አፉ በሉኝ አልላችሁም፤ በእናንተ እጅ የለምና። ተናድጄ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፣ ወጣት ነበርኩ ብዬም አልከራከርም። ሐሙስ ቢስቲማ እሄዳለሁ፤ አበጋሮቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ ብዬ ወስኛለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ፈሪ ነኝ፤ ከመናኸሪያው በር የምመለስ ሰው ነኝ። እንግዲህ ሐሙስ አልፎ እኔ ካልሄድኩ፣ ይህን ያነበበ ማንም ሰው ወደ ሰይድ ይሂድልኝ። ሌላ ምንም አትንገሩት። አልገደልክም በሉት።