ያለ ገብስ ያሰናዳሁት የፍልሰታ ምሳ

ቢቸና የምትኖረው ታላቅ እኅቴ፣ ሐኪም ግሉተን ያለበትን ምግብ፣ ማለትም ስንዴንና ገብስን ከከለከላት ወዲህ፣ በሰው ቤት መብላት ትታ ነበር። በፍልሰታ ልትጠይቀኝ ወደ ሞጣ ስትመጣ ግን፣ ከእኔ ማዕድ ያለ ስጋት እንደምትበላ ቃል ገባሁላት። ዩኒቨርሲቲ ስለ ተማርሁ ወጥ መሥራትም የተማርሁ ይመስለኛል።

ጤፉን ለብቻው አስፈጭቼ እንጀራ አስጋገርሁ። የሱፍ ፍትፍት ሠራሁ፤ ድንች ቀቅዬ በቃሪያና በሎሚ ለወስሁ፤ እሸት በቆሎም ጨመርሁ። በምሳው ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ግሉተን የት የት እንደሚደበቅ አስረዳኋት። እንግዳ ያለ መጠጥ አይስተናገድምና፣ እያስረዳሁ ጎረቤቴ የላከችልኝን ጠላ ቀዳሁላት።

«ወንድምዓለም» አለችኝ ብርጭቆውን እያየች፣ «የዚህ ብቅሉ ከምንድን ነው?»

«ከገብስ» አልኋት፣ ትምህርቱን ሳላቋርጥ።

«እንግዲያው ቀጥል፤ ጠላ ላይ ገና አልደረስህም።»

ሳቀች። ውኃ ጠጣች፤ ድንቹንም ደግማ አስጨመረች። ከሰው ማዕድ እንዲያ ስትበላ ካየኋት ቆይቶ ነበር።

ይህን የጻፍሁት እርሷ እንደምትተርከው ነው። እኔ ትዝ የሚለኝ ስሕተቱን ቀድሜ አውቄ ብርጭቆውን ከፊቷ እንዳነሣሁ ነው። ሆኖም የእርሷንም የእኔንም ድርሻ የጠጣሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ምስክርነቴ የሚጸና አይመስለኝም።