ለሰርግ ፊልም የለበስሁት የሐዘን ኩታ

ሰዎቹ እነዚህ ናቸው። እኔ መኩሪያ፣ ጎንደር ላይ የካህናት ካባ ስሰፋ የኖርሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ። ገና ልጅ የነበረው ልጃችን አለነ። አራተኛዋ ሚስ ዶራ፣ ሆሊውድ የፊልም ልብስ የምትነድፍ ሴት፤ ግንቡን ልታይ መጥታ የእጅ ሥራዬን ወደደችና ቀጠረችኝ።

እኔና አለነ በወጣንበት ሌሊት ጥሩወርቅ አላለቀሰችም። "ልጁን ትምህርት ያስገቡት፤ በደህና ይመልሱልኝ" ብቻ አለች። በጭነት ማኪና አስመራ፣ ከዚያ ምፅዋ፣ ከዚያ በመርከብ ሄድን። አሜሪካ ወደብ ላይ ሹሙ የማን ልብስ እንደምሰፋ ጠየቀኝ። የነገሥታት አልሁ። የየትኛው ንጉሥ ቢለኝ፣ ገና አልነገሩኝም አልሁት። ማኅተሙን መታ።

ሆሊውድ ክረምት የለውም። ዳቦው እንደ ጥጥ ነው፤ ጎረቤት ቢታመም የሚጠይቀው የለም። ሚስ ዶራ አዲስ ልብስ አሰፍታ ስታበቃ በአሸዋ አሽታ ታስረጀዋለች። ሥራ ነውና ዝም አልሁ።

አለነ በቁመት ሲደርስብኝ የአንድ ንጉሥ ሰርግ ፊልም መጣ። ሚስ ዶራ እኔንም ከሰርገኛው መሐል አቆመችኝና የኩታዬን ጥለት ወደ አንገቴ አዞረችው።

"ይህ የሐዘን አለባበስ ነው" አልኋት።

"ካሜራው ጥለቱን ማየት አለበት" አለች።

እንጀራዬ ነውና ለበስሁት። ለመሰደድ የምታስቡ ስሙኝ፤ ሰው ለደመወዙ ሲል ዝም ያለበትን ነገር ሌላ ሰው ያለቅስበታል።

ፊልሙ ጎንደር ደረሰ። ጎረቤቶች "ባልሽ ሲኒማ ቤት ይታያል" ብለው ጥሩወርቅን ወሰዷት። ኩታዬን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች አሉ። "አያ መኩሪያ፣ ምነው? ማን ሞተብን?" እኔ ሸራው ላይ መልስ ሳልሰጥ አለፍሁ። አሜሪካ ከእኔ ጋር ያለው ዘመድ አለነ ብቻ ነው፤ እሷም ልጇን አለቀሰች።

ወንድሟ "እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ተዝካሩም በሸጋ ወጥቷል" ብሎ ጻፈልኝ። ሳነበው ሟቹ ፊት ለፊቴ ዳቦ ይበላ ነበር።

ጥሩወርቅን ስልክ ቤት አስጠርተን አገናኙን። ልጁ "እማ፣ እኔ ነኝ፣ አለነ" አላት።

"የልጄን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ይህ የጎልማሳ ድምፅ ነው። አያ፣ የሰው ልጅ አያስዋሹ።"

ድምፁ እዚህ እንደ ጎረነነ ነገርኋት።

"እንግዲያው ያምጡት" አለች፤ መስመሩ ተቆረጠ።

ሒሳቡ ይህ ነው። ሚስ ዶራ ምንም አላወጣችም፤ ለዚያ ሰርግ ልብስ ተሸለመች። እኔ ለስልኩ የወር ደመወዜን ከፈልሁ። ጥሩወርቅ አንድ በሬ አርዳለች፤ ፀጉሯንም ተላጭታለች። አለነ ደግሞ የመርከቡ ገንዘብ እስኪሞላ ድረስ እናቱ ዘንድ የሞተ ነው።